ካዛንቺስ፦ ከተማ ውስጥ የነበረች ከተማ

ትንሽ ከተማ ሲባል አብዛኞቻችን በዓይነ ሕሊናችን የምናየው በአውራ መንገድ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ የቆርቆሮ ቤቶችን፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚደምቅ ገበያን፣ ሁለት ሆቴልና አንድ ጤና ጣቢያን ነው። እንግዳ ሲገባ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት፣ ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ከተማ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ውጭ ብቻ ስለሚመስለን፣ ስለ ትንሽ ከተማ ኑሮ ሊጽፍ የተነሣ ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይወጣል። እኔ የማወጋችሁን ትንሽ ከተማ ለማየት ግን ከደምበል ሕንጻ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ጥቂት በእግር መጓዝ ይበቃ ነበር። «ይበቃ ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ደምበል የሚለው ስም ራሱ አሳቡን ሩቅ ይወስደዋል። የዝዋይ ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተኛ ነው፤ ደሴቶቹም የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው። በቦሌ መንገድ ላይ የቆመው ደምበል ከዚያ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሐይቅም ዓሣም በሌለበት፣ መኪናና ሱቅ በሞላበት ቦታ ላይ ይገኛል። የሞቃት አገር ስም ደጋ ላይ ወጥቶ ለገበያ ማዕከል ስም ሆኗል። ለነገሩ በዚህ አካባቢ የመጣበትን አገር ረስቶ የቀረ ስም እሱ ብቻ አይደለም፤ ካዛንቺስም እንደዚያው ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ መሬቱና ስለ አየሩ። ከደምበል ወደ ሰሜን ያየ ሰው መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሣ ያስተውላል። መስቀል አደባባይ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ እስጢፋኖስ፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ሒልተን፣ የምኒልክ ግቢ እያለ እያለ ይወጣና መጨረሻው እንጦጦ ይሆናል። ይህ ሽቅብ የከተማዋ ታሪክ ቁልቁል የወረደበት መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ቦታው ለጦር ስልት ምቹ ይሁን እንጂ ለኑሮ አስቸጋሪ ነበር፤ ብርድ፣ ንፋስ፣ የማገዶ እጦት፣ ከታች የሚጫን እህል። በተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሙቀት ይቀንሳል ይላሉ የአየር ጠበብት። ከእንጦጦ እስከ ፍልውሃ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነውና፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ የሸሹት ብርድ ቀላል እንዳልነበር መገመት አያዳግትም። ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ደግሞ ተጨማሪ ነው። እኔ ሁልጊዜ እንደምለው፣ አዲስ አበባን የቆረቆራት ፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ ብርድ ነው።

ብርዱን የሸሸችው ከተማ ማገዶውን ልትሸሸው አልቻለችም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተመንጥሮ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን መቆርቆር እስከ መጀመር ደረሱ። ከተማዋን ከመሰደድ ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ አዲስ አበባም ባሕር ዛፏን ይዛ ጸናች። ማታ ማታ ከየግቢው የሚነሣውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ያላሸተተ የድሮ አዲስ አበቤ የለም።

ከምኒልክ ግቢ በታችና በዙሪያው ያደገው ነገር ግን ፈረንጆች ከተማ የሚሉት ዓይነት አልነበረም። ሰፈር ነበር። ቃሉ የጦር ቃል ነው፤ ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነው። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ግቢያቸውን ተከሉ፣ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሰ፣ በጉብታና በጉብታ መካከል ወንዝና ሜዳ ቀረ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ፣ ሠራተኛ፣ ገባር፣ ዘበኛ፣ ሁሉም ሰፈር ናቸው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ አንዱ ሰፈር ከሌላው ይቆረጣል። እናም እያንዳንዱ የራሱን ታቦት፣ የራሱን ጠጅ ቤት፣ የራሱን ጉሊት ይዞ ለብቻው ይኖር ጀመር። ዋና ከተማችን የተሠራችው ከብዙ ትንንሽ ከተሞች ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ካዛንቺስ ግን በዚህ መንገድ አልተወለደችም። አባቷ መኳንንት አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ነው።

የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለና ሦስት ቀን የቆየ ጭፍጨፋ ሆነ። የነዋሪው ቤት ሰው እንደያዘ ተቃጠለ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ኢግናዚዮ ጉዲና ቼዛሬ ቫሌ የሚባሉ ኢጣሊያውያን የከተማዋን ፕላን ይነድፉ ነበር። የፕላኑ ዋና አሳብ መለየት ነው፤ ነጭ በአንድ ወገን፣ «ኢንዲጄኖ» ያሉት የአገሩ ሰው በሌላ ወገን። ለአገሬው የተመደበው የዛሬው መርካቶ ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚያው ከ«የአገሬው ገበያ» ነው። መለያየቱ በመሬት ላይ ብቻ አልቀረም። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጥቶ ነበር።

ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት በኢጣሊያ ነበር። ረጅም ስሙ በመጀመሪያ ፊደሎቹ ሲታጠር «ኢንቺስ» ይሆናል። ቤት ደግሞ በቋንቋቸው «ካዛ» ነው። የኢንቺስ ቤቶች ከምኒልክ ግቢ በስተምሥራቅ፣ በግንፍሌና በዑራኤል መካከል ባለው መሬት ላይ ተሠሩ። ለተራው ኢጣሊያዊ ሠራተኛ የታሰበው «ካዛ ፖፖላሬ» ነበር፤ እሱም ፖፖላሬ ሆኖ ስሙ ቀርቷል። ልብ በሉ፤ ነጩ ከጥቁሩ ብቻ ሳይሆን ነጩም ከነጩ በደረጃ ተለይቷል። ካዛንቺስ የባለ ደመወዙ፣ የቢሮክራቱ ነበረች። ኢትዮጵያዊው ወደዚያ የሚገባው አትክልት ሊኮተኩት፣ ልብስ ሊያጥብ፣ በር ሊጠብቅ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ጌቶቹ ሄዱ። ቤቱ ቀረ፣ ስሙም ቀረ። «ካዛ ኢንቺስ» በአዲስ አበባ ሰው አፍ ሁለት ጊዜ ተላምጦ ካዛንቺስ ሆነ። ከእሱ ጋር ብዙ ነገር ቀርቷል፤ ፉርኖ፣ ማኪያቶ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ካምቢዮ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ። ሕዝብ ጠላቱን ካባረረ በኋላ ቃሉን ምርኮ አድርጎ ማስቀረቱ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊ እንዳይኖርባት ታስባ የተሠራች ሰፈር በአንድ ትውልድ ውስጥ በአዲስ አበባ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ እጅግ የተቀላቀለችው መሆኗ ነው። በኢንቺስ ቪላዎች ሹማምንትና መኮንኖች ገቡ። በቪላዎቹ ጓሮና በመካከላቸው ባለው ባዶ መሬት ደግሞ የጭቃ ቤት በጭቃ ቤት ላይ እየተደገፈ ተሠራ። ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከመንዝ፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ የመጣ ሰው አንድ ቧንቧ ተሰልፎ ቀዳ።

ከዚያ ዓለም ወደ ሰፈሯ መጣ። የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በዚሁ ወገን ተሠራ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነች። በ1953 ዓ.ም. አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል አፈወርቅ ተክሌ ሠራው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው። ሒልተን በ1960ዎቹ መባቻ ተከተለ። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በቴምብርም ታትሟል። ያልተጻፈው የጓዳው ታሪክ ነው። አዳራሹን የሚጠርገው፣ የዲፕሎማቱን ልጅ የምታዝለው፣ የሆቴሉን አንሶላ የምትተኩሰው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ጸሐፊዋ፣ አስተርጓሚው ማታ የሚገቡት ወዴት ነበር? ብዙዎቹ ካዛንቺስ ነበሩ። አፍሪካ ሳሎኗን እዚያ ስትሠራ ወጥ ቤቷ እዚህ ነበር።

ማታ የሚገባ ሰው ያለበት ሰፈር ደግሞ ማታ የሚከፈት ቤት አያጣም። ቡና ቤቶቿ፣ ጠጅ ቤቶቿ፣ በኋላም አዝማሪ ቤቶቿ ሌላ ስም አወጡላት። በሌሊት ኑሮ የቀደመችው ውቤ በረሃ ነች፤ እሷም ታድላ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አግኝታ በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሕይወቷ ተከትቦላታል። የካዛንቺስ ሌሊት በበኩሉ እንዲህ በአንድ መጽሐፍ ስም የሚጠራ አይደለም፤ የተመዘገበው በአዝማሪ ጉሮሮ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መሰንቆ የሚሰማባቸው ቤቶች በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ነበር። አዝማሪው የገባውን ሰው ከጫማው እስከ ክራባቱ አይቶ ወዲያው ስንኝ ይደረድርለታል። ባለሥልጣንም ቢሆን አይቀርለትም። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ያቋቋመው የፈንድቃ የባህል ማዕከል ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ነበር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱ ቆይቶ ባህላችንን ውጭ አገር ድረስ አስተዋውቋል።

አሁን ወደ ቀን ኑሮው ልመለስ፤ እኔም የማውቀው እሱን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ እንደያዝኩ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ እኔ የተከራየሁት ከተከራይ ነው። ይህን ለመረዳት ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ መቆም ያሻል። በዚያ ወር ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት፤ ትርፉ ተወረሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ዳሩ ግን በዚያ ኪራይ ቀበሌው ጣራ ሊያድስ አልቻለም፣ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ሲሚንቶ አይገዛም። ስለዚህ ቤቶቹ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ እያረጁ ርካሽ ሆነው ቆዩ። ካዛንቺስን ለድሃ ያቆየላት አዋጅ ግድግዳዋን የጣለውም እሱው ነው።

በግቢያችን ዘጠኝ ቤት ነበር። ቧንቧ አንድ፣ መጸዳጃ ቤት አንድ። የመጸዳጃውን ቁልፍ በተራ የሚያስቀምጡት አዛውንቷ ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህን ቁጥር በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ መስማት ሌላ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም፤ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ጨዋታ ይቆማል፣ ባልዲና ሳህን በየጠብታው ሥር ይደረደራል። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ከየቤቱ ብቅ ይላል፤ «እናንተ ዘንድስ?» ይባባላል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያለው ለሌለው ይላካል። የክረምት ወዳጅነት የሚባል ነገር አለ። ከመስከረም ጥቢ በኋላ ሰው ፀሐዩን እየተከተለ በየደጁ በርጩማ ያወጣል፣ በርበሬ ይሰጣል፣ ልጆች ያለ ጫማ ይወጣሉ።

ኅዳር 12 ቀን ደግሞ ቆሻሻ ሁሉ በየደጁ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ በዚህች ከተማም በኅዳር ወር ሰውን አርግፎ ነበርና መታሰቢያው ይህ ጭስ ሆኖ ቀርቷል። በግቢያችን ጭሱን የሚለኩሱት እማማ ነበሩ። ስለ በሽታው ከእናታቸው የሰሙትን ለልጆቹ ይተርኩላቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን ዓይናቸው እሳቱ ላይ ነው። ሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሐኪም ቢነግረንም ትክክል ነው። ያም ሆኖ የታሪክ ትምህርት በጭስ ሲሰጥ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ጠራራ ሆኖ ሌሊት በጋቢ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው።

ትንሽ ከተማ ያለ ማዘጋጃ ቤት አይሆንምና የካዛንቺስ እውነተኛ ማዘጋጃ ቤት እድሩ ነበር። ቀበሌው መታወቂያ ይሰጣል፣ ኪራይ ይሰበስባል፤ እድሩ ግን ሰው ይሰበስባል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ መዝገብ፣ ጸሐፊ፣ ዳኛና ጥሩንባ ነፊ አለው። ቀሪ ይቀጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ ጠጅ ቤት ያላትም፣ ሚኒስቴር የሚሠራውም እኩል ይከፍላል። በአንድ ግቢ ለዓመታት ተኮራርፈው የኖሩ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ሌላው ድንኳን ሲተክል አይቻለሁ። ሐዘኑ ሲያበቃ ኩርፊያቸው ቀጠለ፤ ይህም ደግ ነው፣ እድር ፍቅርን አያስገድድም፣ መገኘትን እንጂ።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ፒያሳን አፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ከመስቀል በዓል ማግስት ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰፊው ክፍሏ ተነሣ። ነዋሪዎቿ ገላን ጉራ ወደተባለው አዲስ መንደርና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ፈንድቃም በነበረበት አልቀረም። በዚያው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ታድሶ በድምቀት ተከፈተ። የሜዜዲሚ መቀመጫዎችና የአፈወርቅ መስታወቶች አንድ በአንድ ተጠግነው ወደ ቀድሞ መልካቸው ተመልሰዋል። የሚያስደስት ሥራ ነው። ሳሎኑ እንደ ቅርስ ሲታደስ ወጥ ቤቱ እንደ ፍርስራሽ መጫኑን ግን ሳልጽፈው ላልፍ አልችልም።

እንግዲህ «ይህ ሁሉ ለዚያ ለሚያፈስ ቤት ነውን?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘጠኝ ቤት በአንድ መጸዳጃ መኖርን እንደ ባህል የሚያወድስ ሰው ወረፋ ይዞ የማያውቅ ነው። ገላን ጉራ የገባ ሰው የራሱ ቧንቧና የራሱ መጸዳጃ አለው፤ እኔም በዚህ ደስ ይለኛል። ግንቡ ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አይዘኝም፤ ቀድሞም ግንቡ የሙሶሊኒ፣ ጭቃው የችግር ነበር። የሚቆጨኝ በመለኪያው ነው። ለቤቱ ካሬ ሜትር ተለካ፤ ከጉሊቷ እስከ ደንበኛዋ ያለው ርቀት አልተለካም። ዱቤ የሚጻፍበት የባለሱቁ ደብተር፣ እናቷ ሥራ ስትውል ልጅ የምታይ ጎረቤት፣ በእግር የሚደረስ የጽዳት ሥራ፣ እነዚህ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ከተማዋን ሰፈር ሰፈር አድርጎ የሠራት ኑሮ በአንድ ወር ሲበተን፣ ቢያንስ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር የሚመዘግብ አንድ ሰው መመደብ በከበደ ነበርን?

የቀድሞ ግቢያችን ሰዎች በአራት አቅጣጫ ሄደዋል። የእድሩ ጸሐፊ የነበሩት ሰው በስልክ እንደነገሩኝ መዝገቡ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ድንኳኑና ድስቱ ደግሞ መጋዘን ስለጠፋ በአንድ አባል ዘመድ ግቢ ተቀምጧል። አባላቱ ተሰብስበው እንዲቀጥል ወስነዋል፤ መዋጮውም በባንክ ይገባል። ያስቸገራቸው ጥሩንባው ነው። ቀድሞ አንድ ሰው ጎሕ ሳይቀድ በየቅያሱ እየነፋ ሁሉን ይቀሰቅስ ነበር። አሁን ሞት የሚነገረው በስልክ መልእክት ነው፤ አዛውንቶቹ መልእክቱን ስለማያዩ ጸሐፊው ለእያንዳንዳቸው ይደውላሉ። ከዚያ ቀባሪው ከገላን፣ ከየዳርቻው ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል። ረዳቱም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዛሬም «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል።